ነገረ ፈጅ ደስበለውና የድፍርስ ወንዝ ሙግት

የወይራ አፋፍ ሰው ስለ ነገረ ፈጅ ደስበለው ጎንጤ ማውራት ሲጀምር «እኔው በዐይኔ አይቼ» ሳይል አይጀምርም። አየን የሚሉት ሁሉ እውነት አይተው ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ግድግዳዋ ጭቃ የሆነች ፍርድ ቤታችን ገና ድሮ በሰው ብዛት በፈረሰች ነበር። እኔ አላየሁም። የሰማሁት ከአባቴ ነው፤ አባቴ የችሎቱ ተላላኪ ነበርና ከማንም በላይ ቀርቦ ሰምቷል። እርግጥ አባቴ ሲያወራ ይጨምራል። እኔም ከእሱ ተቀብዬ ስናገር ምንም አልጨመርሁም ብል ዐይን ዐይኔን አትዩኝ።

«አቶ ደስበለው» ብዬ ላክብረው አስቤ ነበር፤ ግን እንዲያ ብለው የአገሬ ሰው ማንን እንዳነሳሁ አያውቅም። ስለዚህ ደስበለው እለዋለሁ። ነፍሱን ይማርና፣ እሱም ራሱን ከዚህ ከፍ አድርጎ ጠርቶ አያውቅም።

የተወለደው ከድፍርስ ወንዝ ማዶ ነው። ድፍርስ በበጋ ፍየል የምትዘለው፣ በክረምት ግን በሬ ከነቀንበሩ የሚወስድ ወንዝ ነው። ከተማው፣ ገበያው፣ ፍርድ ቤቱ ሁሉ ወዲህ ነው፤ የእናቱ ቤት ወዲያ። ልጅ ሆኖ ለዜማ ትምህርት ቢሰጡት ድምፁ አልታዘዝ አለና የኔታ «ልጄ፣ አንተ ስትጮህ መላእክቱም ጆሯቸውን ይይዛሉ» ብለው አሰናበቱት። ጎልማሳ ሲሆን አጎቱ በርስት ከሰሱት። ጠበቃ ሳይዝ ራሱ ቆሞ ተከራከረ። እንዲያ ያለ ንግግር በዚያ ችሎት ተሰምቶ አይታወቅም ይባላል፤ ዳኛውም አሞገሱት፤ አሞግሰው ሲያበቁም ርስቱን ለአጎቱ ፈረዱ።

በማግሥቱ ደስበለው ከፍርድ ቤቱ ደጅ ከዋንዛው ሥር ተቀምጦ ነገረ ፈጅ ነኝ አለ። አንድ የቸገረው ገበሬ ቀረበና «የገዛ ርስትህን ያስበላህ ሰው፣ የኔን እንዴት አድርገህ ልታስመልስ ነው?» ቢለው፣

«ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያገኝ መጀመሪያ በራሱ ይሞክራል አሉ። እኔም በራሴ ሞክሬ እንደሚገድል አረጋግጫለሁ» አለው።

ገበሬው ከት ብሎ ስቆ ጉዳዩን ሰጠው። ያንንም ተረታ።

*

በዚያ በአሮጌው ሥርዓት ዋስ ያጣ ተከራካሪ ከባላጋራው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ይውላል፤ ቁራኛ ይባላል። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። ደስበለው ደግሞ ባለጉዳዩን አምኖ ዋስ የሆነ የመጀመሪያው ጠበቃ ነበር፤ የመጨረሻውም እሱ ይመስለኛል። ባለጉዳዩ ጠፋ፤ ዋሱ ተያዘ፤ ከከሳሹ ከባላምባራስ አሰጋኸኝ ጋር ተቋጠረ።

ባላምባራስ አሰጋኸኝ እንግዳ ሲመጣባቸው ሰላምታውን አስረዝመው የምሳ ሰዓቱን የሚያሳልፉ ሰው ናቸው። እንጀራ ከቀረበ ቁራኛዬ እጁን ይሰዳል ብለው ስለ ሰጉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከኪሳቸው ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር። በጋ ባይሆንና ታላቅ እህቱ እትዬ አለሚቱ ወንዙን እየተሻገረች ስንቅ ባታቀብለው፣ ደስበለው በረኃብ አልቆለት ነበር። በመጨረሻ ባለጉዳዩ ተገኘና ዳኛው ቀኛዝማች ማናህሎት ቋጠሮውን አስፈቱ።

«እንዴት ነበር እስሩ?» ብለው ቢጠይቁት፣

«ጌታዬ፣ እኔስ ተቋጥሬም ቢሆን ገበያ ወጥቻለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሜአለሁ። ታሥሮ የኖረው የባላምባራስ እንጀራ ነው፤ እሱ ነው ፀሐይ ያላየ» አላቸው።

*

ከድፍርስ ማዶ ያለው መሬት ከጥቂቱ በቀር የፊታውራሪ ጓንጉል ነው። ፊታውራሪ ጓንጉል ረጅም፣ ደርባባ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሰው ነበሩ። የገበሬዎችን የግጦሽ ሜዳ ከልለው ያዙና ተከሰሱ። ለገበሬዎቹ የቆመው ማን ይሆን? ሌላ ጠበቃ ደፍሮ ከፊታውራሪ ጋር አይገጥምም፤ ደስበለው ደግሞ መረታት ስለ ለመደ የሚፈራው ነገር አልነበረውም።

ሙግቱ ሲጋጋል ተከራካሪ «በማር! በፈረስ! በበቅሎ!» እያለ ይወራረዳል፤ የተረታው የተወራረደበትን ለዳኛው ያገባል። ፊታውራሪ ጓንጉል ተነሡና ውጭ የቆመችውን ያማረች በቅሏቸውን በጣታቸው እያሳዩ «በበቅሎ!» አሉ። ደስበለው በቅሎ ቀርቶ የበቅሎ ጭራ የለውም።

«እርስዎ የሚሄዱበትን ካስያዙ፣ እኔም የምሄድበትን አስይዛለሁ። በእግሬ!» አለ።

ተረታ። ቀኛዝማች ማናህሎትም ቀልድ አዋቂ ነበሩና «እግርህን ለፍርድ ቤት አግባ» ብለው ፈረዱበት። ያን በጋ ሙሉ ከአባቴ ጋር መጥሪያ ሲያደርስ ከረመ። አንድ ቀን ፊታውራሪ በበቅሏቸው ላይ ሆነው መንገድ ላይ ቢያገኙት «ምነው ነገረ ፈጅ፣ ውርርዱ አደከመህ?» አሉት።

«ኧረ የለም ፊታውራሪ። እርስዎ ተረትተው ቢሆን በቅሎዎ ሄዳ በቀረች ነበር። የኔን እግር ግን ማታ ማታ ይመልሱልኛል» አላቸው።

*

ይህን ያህል እየተረታ እንዴት ባለጉዳይ አላጣም ለሚል፣ ምሥጢሩ ድፍርስ ነው። ደስበለው ማሸነፍ ባይችልበትም ማዘግየት ይችልበታል። ፍርዱ ሊሰጥ ሲል ብድግ ብሎ «ጌታዬ፣ ምስክሮቼ ከወንዝ ማዶ ናቸው፤ ድፍርስ ሞልቶባቸዋል፤ ቀጠሮ ይሰጠኝ» ይላል። ቀጠሮ ይሰጠዋል። በዚያ ቀጠሮ መሐል ከሳሽ ይታረቃል፣ ወይም ይሰለቻል፣ ወይም ያረጃል። ምስክር የሚባሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ወዲህ ማዶ ጠጅ ቤት ተቀምጠው እንደሚውሉ አባቴ ያውቅ ነበር፤ ደስበለው ጓደኛው ሆነና ዝም አለ።

አንድ ጊዜ በጥር ወር፣ ምድር ተሰነጣጥቆ አቧራው ሲንቦለቦል፣ ልማድ ሆኖበት ብድግ አለና «ጌታዬ፣ ድፍርስ ሞልቶ» ብሎ ጀመረ። ችሎቱ በሣቅ ፈረሰ። ቀኛዝማች መነጽራቸውን አውልቀው «አንተ ሰው፣ በጥር? ትናንት በቅሎዬ የምትጠጣው አጥታ ተመለሰች እኮ!» አሉት።

ደስበለው ትንሽ አሰበና፣

«እውነት ነው ጌታዬ። ወንዙ ሲሞላ ምስክሮቼ መሻገሪያ ያጣሉ፤ ሲጎድል ደግሞ እኔ ሰበብ አጣለሁ። ዛሬ የቸገረው እኔን ነው» አለ።

*

አሁን የምነግራችሁ አያስቅም፤ ግን ይህን ዘልሎ የሚያወራ ሰው ደስበለውን አያውቀውም።

በነሐሴ፣ ውኃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ፣ ከማዶ ሰው ቆሞ ተጣራ። እናቱ እማማ ብሬ ሞተዋል። ደስበለው ነጠላውን ሳያስተካክል ወደ ወንዙ ሮጠ፤ የከተማው ሰውም ተከተለው። ሁለት ጊዜ ሊገባ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ አባቴና ሌሎች በጉልበት ጎትተው አወጡት። ያን ክረምት ድፍርስ ሰው ወስዶ ነበር። በየክረምቱ ሳይወስድ አይቀርም።

የማዶ ሰዎች ነገሩ ገባቸው። ቀብር ከመሄዳቸው በፊት ቃሬዛውን ተሸክመው ወንዙ ዳር አመጡና ልጃቸው እንዲያይ አቆሙለት። እትዬ አለሚቱ ደረቷን ስትመታ ያያል፤ አፏ ሲከፈት ሲዘጋ ያያል፤ ድምፅዋን ግን ውኃው ይበላዋል። ወዲያና ወዲህ፣ በሁለት ዳር አንድ ለቅሶ ተለቀሰ። ከዚያ ቃሬዛውን አነሡና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ደስበለው ኮረብታውን አልፈው እስኪሰወሩ ቆሞ አያቸው።

ቀኛዝማች ማናህሎት ትከሻውን ይዘው «እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ» አሉት። እንባውን እየጠረገ፣

«ጌታዬ፣ ስንት ዘመን ሙሉ ወንዙ ሞላ ብዬ ዋሸሁብዎት። ዛሬ እንዴት እንደሚሞላ ሊያሳየኝ ሞላ» አላቸው።

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ደስበለው በድፍርስ ስም ቀጠሮ ጠይቆ አያውቅም። ሙግት መረታቱን ግን እንደ ወትሮው ቀጠለ። ከአፉ የማይለይ አንድ ነገርም ያዘ፤ ድልድይ። ጠጅ ቤት ድልድይ፣ ሰንበቴ ላይ ድልድይ፣ ሠርግ ላይ ድልድይ። በመጨረሻ ሰው ሰለቸውና «እንግዲያስ አዲስ አበባ ሄደህ ለሚሰጡት ንገራቸው» አለው።

*

የእንደራሴ ምርጫ ሲመጣ ተወዳደረ። ተፎካካሪው ጨው ነጋዴው አቶ ግርማቸው ነበር። አቶ ግርማቸው ሐኪም ቤት አመጣለሁ፣ መብራት አስገባለሁ፣ ቧንቧ እዘረጋለሁ ይላል። ደስበለው ድልድይ ብቻ ነው የሚለው። ገበያ መሐል አንዱ «ያ ሦስት ነገር ሲል አንተ ምነው አንድ ብቻ?» ብሎ ጮኸበት።

«እኔን ታውቁኛላችሁ። አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ ችሎት ስገባ እንኳ ተረትቼ ነው የምወጣ» አለው።

ሌላው ቀበል አድርጎ «ጠበቃ ዋሾ ነው! እንዴት እንመንህ?» አለ።

«ልክ ነህ ወንድሜ። ግን የኔን ውሸት ሁላችሁም ለይታችሁ ታውቁታላችሁ። የአቶ ግርማቸውን ለመልመድ ገና ዓመታት ሊፈጅባችሁ ነው» አለ።

አሸነፈ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ማሸነፉ ነበርና ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ለተሸነፈው ለአቶ ግርማቸው «ይግባኝ አትልም?» አለው ይባላል። ይህን አባቴ ሳይጨምረው አልቀረም። የስንብት ግብዣው ላይ ሰው ሁሉ ሲያሞግሰው ግን ተነሥቶ ያለውን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤

«ወገኖቼ፣ ድምፁ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። ከባለጉዳዮቼ አንድም የቀረ የለም። እኔ አዲስ አበባ ከገባሁላቸው ሌላ ጠበቃ መያዝ ይችላሉ!»

*

አዲስ አበባ ሄዶ ሙሉ ልብስ አሰፋ። ሰፊው የወይራ አፋፍ ልጅ ነበርና የአገር ልጅ ክብር ብሎ በጣም አሰፋለት፤ በኮቱ ውስጥ ሌላ ሰው መጨመር ይቻል ነበር። ክራባቱን እንዴት እንደሚያሥር ስላላወቀ እንደ መቀነት ቋጠረው። የምክር ቤቱ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየውና «አባቴ፣ ባለጉዳይ በዚያ በኩል ነው» ብሎ ወደ አቤቱታ አቅራቢዎች ሰልፍ መራው።

ደስበለው ሄዶ ተሰለፈ። ከፊቱ ርስቱን የተቀማ ከባሌ የመጣ ሽማግሌ፣ ከኋላው ጡረታ የተከለከለች የወታደር ሚስት። የሁለቱንም ጉዳይ ሲሰማ፣ አይዟችሁ ሲል ረፈደ። የስብሰባው ደወል ተደወለ፤ አንድ ጓደኛው እንደራሴ ሲያልፍ አየውና ደንግጦ «ደስበለው! እዚህ ምን ትሠራለህ? ቦታህ ውስጥ እኮ ነው!» አለው። ዘበኛው ይህን ሲሰማ ይቅርታ ሊለምን ጎንበስ አለ።

ደስበለው ግን ቀና አደረገውና «አይዞህ ልጄ፣ ጥፋት የለብህም። እኔ ባለጉዳይ ነኝ፤ እንደራሴ የሚሉኝ እነሱ ናቸው» አለው።

*

ስለ ድልድዩ በየዓመቱ ይናገራል፤ በየዓመቱም «ይጠናል» ይባላል። አጥኚዎችም አልቀሩም፤ መጡ። ችግሩ የሚመጡት በጥር ነው። በክረምት መኪና ወይራ አፋፍ አይደርስማ። በጥር መጥተው ጫማቸው ሳይርስ ድፍርስን ተሻግረው፣ እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ የበግ ጥብሳቸውን በልተው ይመለሳሉ። ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ልሳነ ወርቅ ለምክር ቤቱ መልስ ሲሰጡ፣ «ባለሙያዎቻችን ሦስት ጊዜ ሄደዋል። የተከበሩት እንደራሴ የሚሉትን ወንዝ አላገኙትም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ደስበለውም አብሮ ሳቀና ተነሣ። «የተከበሩ ዳይሬክተር፣ ባለሙያዎቹ ወንዙን ባያገኙት ምስጋና ይገባል። በነሐሴ ቢመጡ ወንዙ ያገኛቸው ነበር» አለ።

አዳራሹ በእጥፍ ሳቀ። አቶ ልሳነ ወርቅም እየሳቁ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ብለው ተቀመጡ። ደስበለው ከዚያ ሲወጣ ከችሎት ጡረታ ወጥተው ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡትን ቀኛዝማች ማናህሎትን አገኘና ሻይ ጋበዛቸው። «እንዴት ነው ሸንጎው?» አሉት።

«ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ፈራጅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጠሮ ስጠይቅ ኖሬ፣ ሳይጠይቁት ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ላከብኝ» አላቸው።

*

ጨዋታ ሁሉ ግን ለአንድ ወገን ብቻ አይፈርድም። አቶ ልሳነ ወርቅ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደስበለው ሲለማመጣቸው ሲለማመጣቸው «እሺ፣ ራሴ መጥቼ አያለሁ» አሉ። በሰኔ መጀመሪያ፣ መንገዱ ሳይበላሽ፣ በላንድሮቨር መጡ። ደስበለው ተቀበላቸውና «ክቡር ዳይሬክተር፣ ምሳ እህቴ ቤት ነው፤ ከወንዙ ማዶ» አለ። ወንዙ ያን ረፋድ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። በበቅሎ ተሻገሩ።

እትዬ አለሚቱ በግ አርዳለች፤ ጠጅ ጥላለች። ዳይሬክተሩ በልተው ጠጥተው ልባቸው ደስ አለው። ከሰዓት በኋላ ከላይ ደጋው ጠቆረ። የድፍርስ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ እታች ፀሐይ እየወጣም ቢሆን ጎርፉ ይመጣል። ሰዎቹ ተያዩ። እትዬ አለሚቱ «ኧረ እንግዳው ሳይመሽባቸው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ደስበለው ብርሌ አቀበላትና «እትዬ፣ ለክቡር ዳይሬክተር ጨምሪላቸው» አለ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ድፍርስ ግንድ እያንከባለለ ያገሳል። አቶ ልሳነ ወርቅ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወዲያ ማዶ ላንድሮቨራቸው ቆሟል፤ ሾፌሩ እጁን ያወዛውዛል፤ የሚለው አይሰማም።

«አቶ ደስበለው! ምን ይሻለናል? ነገ ትልቅ ስብሰባ አለብኝ! መቼ ነው የምሻገረው?»

ደስበለው አገጩን ይዞ ውኃውን ከላይ እስከ ታች አየና፣

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ጉዳይዎ በጥናት ላይ ነው» አላቸው።

ውኃው እስኪጎድል ዳይሬክተሩ እትዬ አለሚቱ መደብ ላይ ከቁንጫ ጋር ሲታገሉ ሰነበቱ። በዚያ መሐል አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ድረስ መጥታ ስትመለስ በዐይናቸው አዩ። ሴትዮዋ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። አቶ ልሳነ ወርቅ ከዚያ ወዲያ ስለ ቁንጫው አላማረሩም። አዲስ አበባ በገቡ በጥቂት ጊዜ ለድልድዩ በጀት ተያዘ።

ኋላ ሰው ደስበለውን «ጎርፉ እንደሚመጣ እያወቅህ አይደለም ሰውየውን ያስቀረኸው?» ብሎ ቢያፋጥጠው፣ «እኔ? እኔ ደመና የማዘዝ ሥልጣን የለኝም። ያዘዝሁት ጠጅ ብቻ ነው» አለ።

*

ግንበኞች መጡ፤ ድንጋይ ተፈለጠ፤ የድልድዩ እግር ተተከለ። ደስበለው ምክር ቤቱ በተዘጋ ቁጥር እየመጣ ከሠራተኞቹ ጋር ይውላል። ድንጋይ አቀብላለሁ ብሎ የግንበኞቹን አለቃ እግር ቢያቆስል፣ «ተከራክሬም አልረባሁ፣ ድንጋይ አቀብዬም አልረባሁ፤ እንግዲህ የቀረኝ ሕግ ማውጣት ነው» አለ።

ድልድዩ ሊያልቅ ሲል አዲሱ ምርጫ ተቃረበ። ቀኛዝማች ማናህሎት አርጅተው በከዘራ ነበር የሚሄዱት፤ አስጠሩትና ምሥጢሩን ነገሩት።

«ልጄ፣ ፊታውራሪ ጓንጉል ሊወዳደሩህ ነው። ምርጫው እንደ ሁልጊዜው በክረምት መግቢያ ነው፤ ሳጥኑም ወዲህ ማዶ ነው። እስከ ዛሬ የማዶ ሰው ድፍርስ ይዞት ቀርቶ ነው አንተ በከተማው ሰው ድምፅ ያለፍኸው። ጭሰኞቻቸው ደግሞ ፊታውራሪን እምቢ ብለው የት ያድራሉ? ድልድዩ ከምርጫው በፊት ካለቀ አለቀልህ። ክረምቱን ትንሽ ይቆይልህ። አለቃውን አንድ ቃል ብትለው ይበቃል።»

ደስበለው ወንበሩን ይወደው ነበር። ኮቱም ከጊዜ ብዛት ሞልቶለት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰው ብድግ ብሎ ሰላም የሚለው ሰው ሆኗል፤ እዚህ ተመልሶ ከዋንዛው ሥር መቀመጥ እንደማይቀለው ቀኛዝማችም እሱም ያውቃሉ። ግን ክረምት ቆየ ማለት አንድ ሰው ድፍርስ ወሰደ ማለት ነው።

«ጌታዬ፣ መረታት ሙያዬ ነው። ለአንድ ክረምት ብዬ በስተርጅና ሙያ አልቀይርም» ብሎ ተነሣ።

በማግሥቱ ወደ ግንበኞቹ ሄዶ አለቃውን አንድ ቃል አለው፤ «ቶሎ!»

*

ድልድዩ በግንቦት መጨረሻ አለቀ። ካህናት ባረኩት፤ ሕዝቡ እልል አለ። በሰኔ ዝናቡ ጠና፤ ድፍርስ ሞላ፤ ምርጫው ደረሰ።

ገና በጠዋቱ የማዶ ሰው በድልድዩ ላይ ይጎርፍ ጀመር። ፊታውራሪ ጓንጉል በበቅሏቸው ከፊት፣ ጭሰኞቻቸው ከኋላ። ያረጁት በልጆቻቸው ትከሻ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው። በዚህ ወቅት እግሩን አድርቆ ወዲህ የተሻገረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ደስበለው ከድልድዩ ጫፍ ቆሞ አንድ በአንድ እጅ እየነሣ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይላል። እነሱ ደግሞ እያፈሩ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ሊጥሉት ያልፋሉ።

እትዬ አለሚቱ ጥላዋን ይዛ ደረሰች። ጉንጯን ሳማትና «እትዬ፣ መቼም አንቺ ለማን እንደምትሰጪ አልጠይቅሽም» አላት።

«ለፊታውራሪ ነው የምሰጥ» አለች።

«ምነው እትዬ?»

«እንዴ! ድልድይ ሠርተህልኝ አንተ አዲስ አበባ ልትቀመጥ ነው? ና ግባ አገርህ። የእማዬን መቃብር ሣር ውጦታል።»

ደስበለው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና መንገዱን ለቀቀላት።

ከሰዓት ወዲያ ቆጠራው አለቀ። ፊታውራሪ ጓንጉል በሰፊው አሸነፉ። ነጋሪት የሚያህል ጭብጨባ ተጨብጭቦ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ፊታውራሪ በበቅሏቸው ላይ ሆነው ወደ ማዶ ሲመለሱ ደስበለውን ከድልድዩ መካከል አገኙት። ክንዱን በግንቡ ላይ አስደግፎ ውኃውን ያያል። ከሥሩ ድፍርስ ድንጋይ እያላተመ ይሄዳል። ፊታውራሪ በቅሏቸውን ያዝ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሳቀ። የተከተላቸው ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሊሰማ ቆመ።

«ደስበለው፣ ጉድ ነው የሠራኸው! ስንት ዘመን ለፍተህ፣ ሰው ለምነህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ያሠራኸው ድልድይ አንተኑ ይዞህ ሄደ! አይቆጭህም?»

ደስበለው ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ከኋላቸው የቆመውን ሕዝብ አየ፤ ሽማግሌውን፣ እናቶቹን፣ የታዘሉትን ሕፃናት። እንደገና ወደ ውኃው ተመለከተ።

«ፊታውራሪ፣ ድፍርስ በየክረምቱ ሰው ይወስድ ነበር። ዘንድሮ የተወሰድሁት እኔ ብቻ ከሆንሁ፣ ረክሶልናል» አላቸው።